ወርቅ ያልሆነው ፓርከር

የደረት ኪስ ማዕረግ የነበረበት ዘመን ነበር። ዳኛው፣ ሐኪሙ፣ መምህሩ፣ የቢሮ ሹሙ ሁሉም ከኮታቸው የደረት ኪስ ላይ አንድ የሚያብለጨልጭ ነገር ሰክተው ይታዩ ነበር። ብዕር ነው። አንዳንዱም አንድ አልበቃው ብሎ ሁለትና ሦስት ይደረድራል። አንድ የሰካ ይጽፋል፣ ሁለት የሰካ ይፈርማል፣ ሦስት የሰካ ግን ብዕር ጠጋኝ መሆን አለበት እየተባለ ይቀለድ ነበር። ከብዕሮቹም ሁሉ በላይ ስሙ የሚጠራው ፓርከር ነው። ባለ ፓርከር መሆን ባለ ሰዓት ከመሆን አንድ ደረጃ ከፍ ይል ነበር።

እኔ ሴት ነኝና የደረት ኪስ የለኝም። ብዕሬ የሚውለው ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከቁልፍ፣ ከመሐረብና ከታክሲ ዝርዝር ጋር ነው። ስለዚህ ባለፈው ክረምት አንድ አሮጌ ፓርከር ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ እያልሁ ስጨነቅ ያዩ ወዳጆቼ ቢስቁብኝ አልፈርድባቸውም። አንዷማ «በዚህ ዘመን?» አለችና ስልኳን አውጥታ አውራ ጣቷን አሳየችኝ። የእኔ ብዕር ይኸውልሽ ማለቷ ነው።

ነገሩ ግን በሳቅ ብቻ የሚታለፍ አልሆነልኝም። በሰፈራችን ባለቤታቸውን የቀበሩ አንዲት እናት አሉ። እትዬ እያልሁ ነው የምጠራቸው። ባለቤታቸው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሒሳብ ሲሠሩ አርጅተው በጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ሙት ዓመታቸው ካለፈ በኋላ እትዬ ሣጥናቸውን ከፈቱ። ኮቱን ለዘመድ፣ ጫማውን ለዘበኛው፣ ጋቢውን ለቤተ ክርስቲያን ሰጡና አንድ ነገር እጃቸው ላይ ቀረ። ያኔ አስጠሩኝ።

«ልጄ፣ አንቺ የምትውዪው ከወረቀት ጋር ነው። ለማላውቀው ሰው ከምሸጠው አንቺ ብትወስጂው ይሻለኛል» አሉኝ።

ዋጋውንም ነገሩኝ። የአንድ ወር የቤት ኪራዬ ነው። እየጻፈ ለሚኖር ሰው በሚገባው ቋንቋ ስናገረው ደግሞ የአራት መጣጥፍ ክፍያ ነው።

ብዕሩ ወይን ጠጅ መልክ አለው። ክዳኑ ወርቃማ ነው፤ ኪስ ላይ የሚሰካበት ማንጠልጠያውም ቀስት ይመስላል። በገላው ላይ የባለቤትየው ስም በደቃቁ ተቀርጿል። ከሥሩ 1953 ዓ.ም. ይላል። መሥሪያ ቤታቸው የሸለማቸው ነው። ዓይነቱ ፓርከር 51 የሚባለው ነው።

ስለዚህ ብዕር ጥቂት ላጫውታችሁ። የፓርከር ኩባንያ በአሜሪካ፣ በዊስኮንሰን ግዛት፣ ጄንስቪል በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1888 ተመሠረተ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ብዕሩ ስሙን ያገኘው ከኩባንያው 51ኛ ዓመት፣ ከ1939 ነው። ገበያ ላይ የዋለው በ1941 ሲሆን፣ መሠራቱ የቆመው በ1972 ነው። በ1962 ኩባንያው ለእንግሊዟ ንግሥት ለዳግማዊት ኤልሳቤጥ የብዕር አቅራቢነት ማዕረግ ሲሰጠው፣ ይህ ብዕር ገና በመሠራት ላይ ነበር።

የአሠራሩ ታሪክ የሚጀምረው ከቀለም ነው። ኩባንያው ወረቀት ላይ እንዳረፈ ወዲያው የሚደርቅ ቀለም ሠራ። ቀለሙ ግን ኃይለኛ ሆነና የዘመኑን ብዕሮች ገላ የሚበላ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ለአዲሱ ብዕር ገላ የጦር አውሮፕላን መስኮት ይሠራበት የነበረውን ዓይነት ጠንካራ ፕላስቲክ መረጡለት። የወርቅ ጫፉንም ሸፈኑት። እንደ ሌሎቹ ብዕሮች አፍጥጦ አይታይም፤ እንደ ኤሊ አንገት ከሽፋኑ ሥር ጥቂት ብቅ ብሎ ይቀራል። ይህ ለውበት ብቻ የተደረገ አይደለም። ጫፉን ነፋስ እንዳያገኘውና ቀለሙ እንዳይደርቅበት ነው። ከሽፋኑ ሥር ደግሞ እንደ ዓሣ ስንጥብ የተደራረቡ ስስ ክንፎች አሉ። የተረፈውን ቀለም ይዘው ወረቀቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ያደርጋሉ።

ሲወጣ ዋጋው 12 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። በ1945 ደግሞ ሬይኖልድስ የተባለ ነጋዴ ኒው ዮርክ ውስጥ በኳስ ጫፍ የሚጽፈውን፣ ዛሬ እኛ እስክሪብቶ የምንለውን ዕቃ ለገበያ አቀረበ። የእሱም ዋጋ 12 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ሁለቱ በአንድ ዋጋ ተፋጠጡ ማለት ነው። በ1950 ግን ከፈረንሳይ ቢክ መጣና እስክሪብቶን ከሳንቲም ጋር አወዳጀው። ከዚያ ወዲህ ብዕር የሚገዛ ሳይሆን የሚጠፋ ዕቃ ሆነ። ለመሆኑ ከእናንተ መካከል አንድ ቢክ ገዝቶ ቀለሙን እስከ መጨረሻው ጠብታ የጨረሰ ማነው? ወይ ተውሰው ይወስዱብናል፣ ወይ እኛ ወስደን ሌላ ሰው እንዲገዛ እናደርጋለን።

ወደ እትዬ ብዕር ልመለስ። ዋጋውን የተመኑት ወርቅ ነው ብለው ነበር። እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ ባለቤታቸውም ዕድሜ ልካቸውን «የወርቅ ብዕሬ» ሲሉት ኖረዋል። እኔ ደግሞ ክዳኑ ወርቅ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ተራ ብረት ላይ የተነባበረ ስስ የወርቅ ልባስ ነው። እውነተኛ ወርቅ ያለው ጫፉ ላይ ነው። እሱም ከ24 እጅ 14ቱ ወርቅ፣ የቀረው ሌላ ብረት ሲሆን፣ ክብደቱ አንድ ግራም አይሞላም። ወረቀቱን የሚነካው ነጥብ ደግሞ ጭራሽ ወርቅ አይደለም። ወርቅ ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ እንዳይበላ ከሱ የጠነከረ ማዕድን ነጥብ ተደርጎበታል።

ይህን ልንገራቸው ወይስ ዝም ልበል? ብነግራቸው ዋጋ ለማስቀነስ የመጣሁ ይመስልብኛል። ዝም ብል ደግሞ አንዲት ሐዘንተኛ ባልሆነ ነገር ተማምነው ሲሸጡልኝ እያየሁ መግዛቴ ነው። ዋጋው ያለ አግባብ የበዛ ቢሆን ወይም ያነሰ ቢሆን ነገሩ ይቀል ነበር። የሚገርመው ግን ውጭ አገር አሮጌ ብዕር የሚሰበስቡ ሰዎች ለእንዲህ ዓይነቱ ከሚከፍሉት ብዙም የራቀ አለመሆኑ ነው። እትዬ ትክክለኛውን ዋጋ በተሳሳተ ምክንያት ነበር የጠሩት።

ነገርኋቸው። ብዕሩን ከእጄ ወስደው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉትና ገላበጡት።

«እንግዲያ እሳቸው ይህን ሁሉ ዘመን የኮሩት በቅብ ነው?»

መልስ አልመጣልኝም። ይልቅ ብዕሩን ተቀብዬ ፊታቸው ፈታሁት። ገላው በጥምዝ ይለቃል። ውስጡ አንድ የብረት እጀታ አለ፤ በላዩም በጣት የሚጫኑት ዘንግ። እስከ 1948 የተሠሩት በሌላ መላ ነው ቀለም የሚስቡት፤ በውስጣቸው ያለው ላስቲክ በዕድሜ ይደርቅና እስኪለወጥ ድረስ ብዕሩን ሥራ ያስፈታዋል። ከ1948 ወዲህ የመጣው፣ እንደ እትዬው ያለው፣ ቀለም የሚይዝበት ከረጢት እንደ ላስቲክ ስለማይደርቅ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ይስባል። ዘንጉን ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ ማድረግ ነው። አሞላሉም እዚያው እጀታው ላይ ተጽፏል። ዕቃው ራሱ ጌታውን ያስተምራል ማለት ነው።

ጫፉን በሲኒ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክረን አሳደርነው። (ሙቅ ውኃ እንዲህ ላለ ብዕር ጠላቱ ነው።) ጧት ስመለስ ውኃው ጥርት ያለ ሰማያዊ ሆኗል። እትዬ ሲኒውን ትኩር ብለው አዩ።

«ይህ የሳቸው ቀለም ነው?»

«አዎ እትዬ።»

ዝም አሉ። ሲኒውን አልደፉትም፤ አንስተው ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጡት።

ቀለም ሞላሁበትና ጻፍሁ። ቀጥ አድርጌ ስይዘው ወረቀቱን ይቧጭራል። ትንሽ ወደ ግራ ሳዘነብለው ግን ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ይሆናል። ባለቤትየው በያዙበት አያያዝ በኩል ተስሏል። አዋቂ እጅ ካገኘ ጫፉን ሞርዶ ማስተካከል ይቻላል፤ የተሞረደው ግን አይመለስም። እንግዲህ ወይ እኔ የሳቸውን አያያዝ መልመድ አለብኝ፣ ወይ የሳቸውን ልማድ ከብዕሩ ላይ ማጥፋት አለብኝ።

ከመግዛቴ በፊት እንዳልገዛ የሚመክሩኝን ነገሮች ሁሉ ቆጠርሁ። አንደኛ፣ ወረቀት። ርካሽ ደብተር ቀለም ይጠጣል፤ ጽሑፉ በወዲያኛው ገጽ ብቅ ይላል። ሁለተኛ፣ ቀለሙ በየሱቁ የሚገኝ አይደለም። ሲጨንቀው ደግሞ ሰው የሥዕል ጥቁር ቀለም ይሞላና የብዕሩን ጉሮሮ ለዘለቄታው ይዘጋዋል። ሦስተኛ፣ የኪስ አውላቂ። አራተኛ፣ ፊደላችን። የብራና ጸሐፊዎቻችን መቃውን ሲቀርጹ ጫፉን ሰፋ አድርገው ስለሚቆርጡት የ«በ» እግሮች ይወፍራሉ፣ አናቷ ይቀጥናል። የፓርከሩ ነጥብ ግን ድቡልቡል ነውና እግርም አናትም እኩል ነው። ውበት ፈላጊ ከሆንሁ መቃ ይበልጠዋል፤ መቃ ደግሞ በነጻ ማለት ይቻላል። አምስተኛ፣ ፓርከር ራሱ በ2021 በዚሁ በ51 ስም አዲስ ብዕር አውጥቷል። አዲስ ይሻላል ለሚል ሰው እሱ አለ።

ግዢው የሚሉኝ ምክንያቶች ግን ሁለት ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው፣ ረቂቄን ሁልጊዜ በእጄ ነው የምጽፈው። በእጅ ጽሑፍ የሰረዝሁት ቃል ከነስረዛው እዚያው ይቆያል፤ ብዙ ጊዜም ተመልሼ የምወስደው እሱን ነው። ኮምፒውተሩ ግን የሰረዝሁትን ጠራርጎ ይወስድብኛል። ሁለተኛው ምክንያት የእትዬ ጥያቄ ነው። ባለቤታቸው የኮሩት በምንድን ነው? በቅቡ ከሆነ በእርግጥም ተታለዋል። ነገር ግን ያ ብዕር በ1953 ዓ.ም. ተሰጥቷቸው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሒሳብ ጽፎላቸዋል፤ ከሞቱ በኋላም በአንድ ሲኒ ውኃ ነፍስ ዘራ። የሚፈታ፣ የሚታጠብ፣ የሚጠገን፣ እንደገና የሚሞላ ዕቃ ነው። ዋጋውም ያ ነው። ወርቅ ቢሆን ኖሮማ እስካሁን ቀልጦ የአንድ ሰው ጆሮ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ይህንኑ ለእትዬ ነገርኋቸው። አዳምጠው ሲያበቁ «ቢሆንም ወርቅ ካልሆነ ልቀንስልሽ» አሉ። አልቀንስም አልሁ። ገዢ ዋጋ አላስቀንስም ብሎ ሲከራከር በዚያ ሰፈር የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። በመጨረሻ ግማሹን ያኔውኑ፣ ግማሹን በወሩ እንድከፍል ተስማማን።

ልጃቸው ሊሸኘኝ ወጥቶ፣ «ስሙን ወርቅ ሠሪ ጋ ብትወስጂው በደቂቃ ያጠፋልሻል» አለኝ። ለመልካም አስቦ ነው። በእኛ ሙያ ግን ስም ማጥፋት የሚያስከስስ ነገር ነው። ስሙ እንዳለ ይቆያል። ጫፉንም አላስሞረድሁትም። ብዕሩን ትንሽ ወደ ግራ አዘንብዬ መያዝ ለምጃለሁ።

የአባታችሁን ወይም የሰው አባት ብዕር ልትገዙ የምታስቡ ብትኖሩ ምክሬ አጭር ነው። ወርቁን ለወርቅ ነጋዴ ተዉት። ፍቱት፣ እጠቡት፣ ቀለም ሙሉበትና በራሳችሁ ወረቀት ላይ አንድ ሙሉ ገጽ ጻፉበት። ሁለተኛውን ገጽ ለመጀመር እጃችሁ ካልቸኮለ ለባለቤቱ መልሱለት፤ የፈለጋችሁት ብዕር ሳይሆን የደረት ኪስ ነው።

እኔ የእትዬን ቀሪ ግማሽ ከፍያለሁ። አራቱን መጣጥፎች በዚያው ብዕር ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ይህ አምስተኛው ነው።