የብድር ታሪካችሁን ባንኩ ከማየቱ በፊት እናንተ እዩት

አዲስ አበባ፣ ጀሞ ላይ ከብሎክ ብሎክ ቢኬድ፣ ራሱን ተበዳሪ ብሎ የማይቆጥር፣ በባንክ መዝገብ ላይ ግን ለዓመታት ተበዳሪ ሆኖ የቆየ ሰው ብዙ ነው። የ20/80 ኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰው ሰው 20 በመቶውን ከፍሎ ቁልፍ ሲረከብ፣ ቀሪው 80 በመቶ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር በፈረመው የብድር ውል ይሸፈናል። በየወሩ የቤት ክፍያ እንደሚከፍል ያውቃል፤ በየወሩ የብድር ታሪኩ እየተጻፈ መሆኑን ግን ብዙም አያስበውም። ምድር ላይ ባሉት ሱቆች ደግሞ ዕቃ ለመሙላት በስልኩ የሚበደር ነጋዴ አለ። ስለ ሁለቱም የሚናገር መዝገብ አለ፤ አይተውት የሚያውቁ ግን ጥቂቶች ናቸው። ዛሬ ልል የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፦ ይህን መዝገብ ለማየት ርካሹም አስተማማኙም መንገድ ያበደረንን ተቋም ራሱን፣ በጽሑፍ መጠየቅ ነው። «እኔ ላውጣላችሁ» ብሎ መሃል የሚገባ ሰው ወይ ገንዘባችንን ወይ መታወቂያችንን ፈልጎ ነው።

መዝገቡ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ቋት አለው። አበዳሪዎች ማን ምን ያህል እንደተበደረና እንዴት እየከፈለ እንደሆነ ወደዚያ ይልካሉ፤ ባንኮች አዲስ ብድር ከመፍቀዳቸው በፊትም ከዚያ ያጣራሉ። ስለዚህ አንድ ባንክ ላይ የተበላሸ ታሪክ ሌላው ባንክ ቀድሞን ይደርሳል። ክፍያው 90 ቀን ያለፈው ብድር ከተበላሹ ብድሮች ተርታ ይገባል፤ 180 ቀን፣ ከዚያም 360 ቀን ሲያልፍ ደረጃው እየወረደ ይሄዳል። አሜሪካ ውስጥ ከ300 እስከ 850 በሚደርስ ነጥብ የሚለካው ነገር እኛ ጋ በዋናነት የሚታየው በዚህ የአከፋፈል ታሪክ ነው። በስልክ የሚሰጡ ብድሮች ግን የራሳቸውን ነጥብ ያወጣሉ። በ2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋር የተጀመረው ቴሌብር መላ ያለ መያዣ የሚያበድረው የደንበኛውን አጠቃቀም መዝኖ ነው፤ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ ሚቹም እንዲሁ ያለ መያዣ ያበድራል። ቤትና መኪና የሌለው ሰው በአከፋፈሉ ታምኖ መበደር መቻሉ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን መያዣው ታሪካችን ከሆነ፣ የቤቱን ካርታ በጥንቃቄ የሚያስቀምጥ ሰው ታሪኩንም በዚያው ጥንቃቄ ሊጠብቀው ይገባል።

ጀሞን በመሰሉ ሰፈሮች ጉዳዩ የሚከብደው በአንድ ምክንያት ነው። የኮንዶሚኒየም ቤት በአምስት ዓመት ውስጥ መሸጥ ክልክል ስለነበር ብዙ ቤት በውክልና እጅ ለውጧል። ገዢው ይኖርበታል ወይም ያከራየዋል፤ ወርሃዊ ክፍያውንም ባንክ ሄዶ ያስገባል። የብድር ውሉ ግን በሕጋዊ መንገድ እስካልተዛወረ ድረስ ባለዕጣው ላይ ነው። ገዢው አራት ወር ቢያዘገይ ባንኩ የሚያውቀው የባለዕጣውን ስም ነው፤ ቤቱን ሸጦ የረሳው ሰው ከዓመታት በኋላ ለሥራው ብድር ሲጠይቅ የማያውቀው ውዝፍ ይጠብቀዋል። ዋስም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ለባልደረባው ወይም ለዘመዱ የፈረመ፣ በቡድን ዋስትና የተበደረ ሰው ዋናው ተበዳሪ ሲያቆም ዕዳው ወደ እሱ ይዞራል። ዕዳውን ከፍሎ የጨረሰ እንኳ የማጠናቀቂያ ደብዳቤ ካልወሰደ ብድሩ መዘጋቱን የሚያሳይበት ማስረጃ የለውም። እዚህ የዘረዘርኳቸው ሰዎች አጭበርባሪዎች አይደሉም፤ ችግራቸው መዝገባቸውን አለማየታቸው ነው።

ማየቱ ከባድ አይደለም። ብድር ያለበት ወይም ቀድሞ የነበረበት ሰው ብድሩ ወዳለበት ቅርንጫፍ መታወቂያውን ይዞ ይሂድና የብድር ሒሳብ መግለጫ፣ ማለትም ስቴትመንት፣ ማኅተም ተደርጎበት እንዲሰጠው ይጠይቅ። የአገልግሎት ክፍያ ቢኖርም ደላላ ከሚጠይቀው ጋር አይወዳደርም። ወረቀቱን ሲይዝ አራት ነገር ያረጋግጥ፦ ስሙ ከመታወቂያው ጋር በትክክል መመሳሰሉን፣ የቀረውን ዋና ብድር፣ የዘገየ ክፍያ ካለ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ የተዘጋ ብድር ደግሞ እንደተዘጋ መጻፉን። የስም ፊደል ልዩነት ቀላል ነገር አይደለም፤ «ኃይሌ» እና «ሀይሌ» በአማርኛ አንድ ሰው ቢሆኑም በላቲን ፊደል ሲጻፉ ሁለት ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። የስልክ ብድርን ከአበዳሪው መተግበሪያ፣ የቴሌብርን ደግሞ በ*127# ማየት ይቻላል። ዋስ የሆነ ሰውም ዋስ የሆነበት ብድር ምን ላይ እንደደረሰ አበዳሪውን በጽሑፍ ይጠይቅ። ብድር ጠይቆ የተከለከለ ደግሞ የትኛው መረጃ እንዳስከለከለው ይጠይቅ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለ ራሱ የተያዘን መረጃ እንዲያውቅና የተሳሳተውን እንዲያስተካክል መብት ሰጥቷል። ስለዚህ ቅርንጫፉ ውስጥ የምንቆመው ውለታ ለመለመን አይደለም።

ደኅንነቱ ላይ ግን ጠበቅ ማለት ያስፈልጋል። በቴሌግራም «የብድር ነጥብዎን እናወጣለን»፣ «ከጥቁር መዝገብ እናስፋቃለን» የሚል ማስታወቂያ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስብ፦ የብሔራዊ ባንክ ቋት በቴሌግራም አይሸጥም፤ የእውነት ዕዳ ደግሞ በክፍያ እንጂ በጉቦ አይሰረዝም። የሚስጥር ቁጥር ወይም በአጭር መልእክት የሚመጣ ማረጋገጫ ኮድ የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው፤ የባንክ ሠራተኛ ነኝ ቢልም እንኳ። ብዙም የማናስተውለው ሌላው ቀዳዳ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ነው። የፋይዳ መታወቂያችንና ቲን ቁጥራችን ስካን ተደርገው በኮምፒውተሩ ዴስክቶፕ ላይ በስማችን ተቀምጠው ይቀራሉ፤ ቀጣዩ ደንበኛ ያንኑ ስክሪን እያየ ተራውን ይጠብቃል። ፋይሉን ፊት ለፊታችን አጥፉልን፣ ከመጣያውም ሰርዙት ማለት ነውር የለውም። አሜሪካ ውስጥ ግዙፉ የብድር መረጃ ድርጅት ኢኩዊፋክስ እ.ኤ.አ. በ2017 ተሰብሮ የ147 ሚሊዮን ሰው ያህል መረጃ ወጥቷል። የጥበቃ ሠራዊት ያለው ተቋም እንዲህ ከሆነ፣ መረጃችን የሚያልፍበትን እጅ ማሳነስ ትክክለኛው ጥንቃቄ ነው።

«እኔ የምኖረው በዕቁብ ነው፤ ከባንክ ጋር ጉዳይ የለኝም» የሚል ሰው አውቃለሁ፤ ክርክሩም ክብደት አለው። ዕቁብ ወለድ የለውም፣ መተማመንን ያስተምራል። ነገር ግን በዕቁብ ያሳየነው ታማኝነት ባንክ አይደርስም፤ በኮንዶሚኒየም፣ በዋስትና ወይም በስልክ ብድር ስማችን መዝገብ ውስጥ ሊገባ ግን ይችላል። ሌላው ስጋት «ደጋግሜ ከጠየቅሁ ይጎዳኛል» የሚለው ነው። አሜሪካ ውስጥ እንኳ ሰው የራሱን ሪፖርት ማየቱ ነጥቡን አይቀንስም፤ የራስን ሒሳብ መጠየቅ አዲስ ብድር መጠየቅ አይደለምና። ከሁሉም የሚከብደኝ ግን «ባውቅስ ምን አመጣለሁ?» የሚለው ተስፋ መቁረጥ ነው። ገና ሁለተኛ ወሩ ላይ የታወቀ መዘግየት 90 ቀን ሳይሞላ ሊከፈል ወይም ከባንኩ ጋር የአከፋፈል ስምምነት ሊደረግበት ይችላል፤ ከ360 ቀን በኋላ የታወቀው ግን አንገት ላይ የወደቀ ዕዳ ነው።

ይህ ሁሉ ሸክም ዜጋው ላይ ብቻ መጣሉ ግን ፍትሐዊ አይደለም። ኬንያ ውስጥ ማንኛውም ሰው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ የብድር ሪፖርቱን በነፃ የማግኘት መብት አለው፤ አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ ይህንኑ ፈቅዳለች። ኬንያ ወደዚያ ስትሄድ ዋጋ ከፍላለች፦ የስልክ ብድር እንደ አሸን ሲፈላ በጥቂት ሽልንግ ዕዳ ስማቸው የተበላሸ ሰዎች በርክተው፣ ማዕከላዊ ባንኳ እ.ኤ.አ. በ2020 ከ1,000 ሽልንግ በታች ያለ ዕዳ እንዳይመዘገብ አግዷል። እኛ ያን ያህል ሳንጎዳ መማር እንችላለን። ፋይዳ አለ፣ አዋጁ አለ፣ ቋቱ አለ፤ የቀረው ብሔራዊ ባንክ እያንዳንዱ ሰው በፋይዳው ገብቶ የራሱን መዝገብ በዓመት አንዴ በነፃ የሚያይበትን በር መክፈቱ ነው። እስከዚያው ግን ቅርንጫፎቹ ክፍት ናቸው። በዚህ ወር ወርሃዊ ክፍያችሁን ለማስገባት ስትሄዱ ደረሰኙን ብቻ ተቀብላችሁ አትውጡ፤ ስቴትመንታችሁንም ጠይቁ። ዋስ የሆናችሁላቸውን ሰዎችም ክፍያቸው የት እንደደረሰ ጠይቁ፤ ቤት በውክልና የሸጣችሁ ደግሞ ውሉ መዛወሩን አጣሩ። ብዙ ሰው በጽሑፍ መጠየቅ ሲጀምር ባንኮችም በጽሑፍ መመለስን ይለምዳሉ።