ዓይን የማያየው የውኃ ነገር

የጎጃም ልጅ ውኃን የሚያውቀው ከትምህርት ቤት አይደለም። ገና በሕፃንነቱ፥ ይልቁንም ሴት ልጅ ስትሆን፥ እንስራ ወይም ጀሪካን ተሸክማ ከምንጭ ትመላለሳለች፤ 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ መሆኑንም ጀርባዋ ያውቀዋል። ስለዚህ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ያለ መምህር ስለ ውኃ ሊያስተምር ሲነሣ፥ ደቀ መዛሙርቱ «ይህንንማ እናውቃለን» ቢሉ አያስደንቅም። መምህሩ ብልህ ከሆነ አይከራከራቸውም፤ አንድ ብርጭቆ ውኃና አንድ መርፌ ያስመጣል።

መርፌው ደረቅ ሆኖ በስስ ወረቀት ላይ ይጋደማል፤ ወረቀቱም በቀስታ በውኃው ፊት ላይ ይቀመጣል። ወረቀቱ ርሶ ሲወርድ መርፌው ብረት ሆኖ ሳለ ከላይ ይቀራል። የውኃ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው ስለሚሳሳቡ የውኃው ፊት እንደ ተወጠረ ስስ ቆዳ ሆኖ ይሸከመዋልና። ከዚህ በኋላ የተወቀጠ እንዶድ ከተዘፈዘፈበት ውኃ ጥቂት ጠብታ በብርጭቆው ጠርዝ በኩል ቢጨመር መርፌው ይሰጥማል። እንዶድ ያንን መሳሳብ ያላላዋል፤ ልብስ ለማንጻት የሚረዳውም በዚሁ ኃይል ነው፤ ውኃው በድርና በማግ መካከል በቀላሉ እንዲገባ ያደርገዋልና። እናቶች ምክንያቱን ማንም ሳይነግራቸው ሲሠሩበት ኖረዋል። ዶክተር አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች፥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ቢልሃርዝያ ወደ ሰው የሚደርሰው በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች በኩል ነው።

ሁለተኛው ፈተና ሰኔን ይጠብቃል። የላህ ወንዝ ደፍርሶ ሲወርድ አንድ ጠርሙስ ይቀዳና በክፍሉ መስኮት ላይ ያድራል። በማግሥቱ ጭቃው ከታች ይረጋል፤ ውኃውም ከላይ እየጠራ ይሄዳል። ያ ጭቃ ከየት መጣ ቢባል፥ ከአባቶቻቸው እርሻ ነው። ተዳፋት መሬት ያለ እርከን ሲታረስ ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ ወደ ዓባይ ይሰድደዋል፤ ዓባይም ተሸክሞ ወደ ሕዳሴው ግድብ ያወርደዋል። ለዚህ ነገር ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ ጠርሙሱ በመስኮቱ ላይ ይሰንብት።

ነገር ግን ልጆች ሆይ፥ ከጭቃው በላይ የጠራውን ውኃ ንጹሕ ነው ብሎ የሚጠጣ ሰው ይሳሳታል። ይህን ለማስረዳት በሚጠጣ ውኃ ውስጥ ጨው ይሟሟና በንጹሕ ነጠላ ይጠለላል። ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ሲቀምሱት ግን ጨው ጨው ይላል። ከብት ከሚጠጣበት ምንጭ የሚመጡት፥ ተቅማጥ የሚያስከትሉት ረቂቃን ተዋሕስያንም በነጠላው ቀዳዳ እንዲሁ ያልፋሉ። ጨውስ በምላስ ይታወቃል፤ እነርሱ ግን ጣዕም የላቸውም። በቤት የቀረው ታናሽ ወንድም የሚጠጣውም ይህንኑ ነው።

እነዚህን እሳት ይገድላቸዋል። በዚህም ነገር የአገሩ ከፍታ ይገባበታል። በባሕር ጠረፍ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በከፍታ ስፍራ ግን የአየሩ ክብደት ስለሚቀንስ ቶሎ ይፈላል። 1,900 ሜትር ገደማ በሆነችው በፍኖተ ሰላም ወደ 94፥ 2,100 ሜትር ገደማ በሆነችው በቡሬ ወደ 93 ዲግሪ ይሆናል። ይህም ሙቀት ተዋሕስያኑን ለመግደል ይበቃል። የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣኖች ግን ለጥንቃቄ፥ ውኃው ከተንፈቀፈቀ በኋላ 1 ደቂቃ፥ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ ደግሞ 3 ደቂቃ እንዲቆይ ይመክራሉ። እንግዲህ ወሰኑ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያልፋል። ከዚህ አብልጦ ማፍላት ማገዶ ማባከን ነው፤ ማገዶውንም የምትለቅመው ያችው ውኃ ቀጂ ናት።

ሰዓት በሌለበት በቡሬ ገጠር ቤት ልጅቱ ድስቱ መንፈቅፈቅ ሲጀምር በዝግታ እስከ 180 ትቆጥራለች። ከዚያም ድስቱን ታወርዳለች፤ እንደ ተከደነም እስኪበርድ ድረስ ታናሽ ወንድሟን ከአጠገቡ ትከለክለዋለች።