ምልክት ከመሐላ ሲቀድም

ሰው በልቡ ያደረውን እምነት በልቡ ብቻ ሸሽጎ ለመኖር አይሆንለትም። በአንገቱ ወይም በእጁ ላይ አንዳች ምልክት ያደርግበታል፤ ያየውም ሁሉ የማን ወገን እንደ ሆነ ያውቅለታል። ታዲያ ምልክቱን ለማድረግ አስቀድሞ ቃል ኪዳን መግባት ያስፈልጋልን? ወይስ ምልክቱ ራሱ ወደ ቃል ኪዳኑ ሊመራ ይችላል? ይህን ጥያቄ የሕንድ አገር ሲኮች ኑሮ አጥርቶ ያሳየናልና በእነርሱ ምሳሌነት ልንመረምረው ወደድን።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1699 ዓ.ም. አሥረኛው መምህራቸው ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ በፑንጃብ ምድር፣ በአናንድፑር ከተማ ሕዝቡን ሰብስበው፣ ራሳቸውን ለመስጠት የቈረጡ አምስት ሰዎች መረጡ። ስኳር የገባበትን ውሃ በብረት ሳሕን ውስጥ በሁለት አፍ ሰይፍ እያማሰሉ አጠጧቸው፤ ኻልሳ የተባለውም ማኅበር በዚሁ ቆመ። ከዚያም መምህሩ ራሳቸው በአምስቱ ፊት ቀርበው ያንኑ ውሃ ከእጃቸው ተቀበሉ። ዛሬም ወደ ማኅበሩ የሚገባ ሰው በአምስት ምእመናን ፊት ይህን ጠጥቶ ቃል ይገባል።

የማኅበሩ ምልክቶች አምስት ናቸው። ያልተቈረጠው ጠጕር ኬሽ፣ የእንጨቱ ማበጠሪያ ካንጋ፣ የብረቱ አምባር ካራ፣ አጭሩ የውስጥ ሱሪ ካቸራ፣ ጎራዴው ኪርፓን ይባላል። በእኛ ቋንቋ ካራ ቢላዋ ስለ ሆነ አንባቢ እንዳይሳሳት፤ በእነርሱ ዘንድ ካራ አምባሩ እንጂ ስለቱ አይደለም።

ቃል ኪዳኑ ቀላል ነገር አይደለም። ጠጕርን መቈረጥ፣ ትምባሆ መጠቀም፣ ከትዳር ውጭ መሄድ የተከለከለ ነው፤ በየቀኑ የሚደገም ጸሎትም አለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1945 ዓ.ም. የጸደቀው የሥርዓት መጽሐፋቸው፣ ለዚህ የሚቀርበው ሰው ሕፃን ሳይሆን ማስተዋል የጀመረ እንዲሆን ያዛል። ስለዚህም ቃሉን ሳይገቡ አምባሩን አድርገው የሚኖሩ ሲኮች ብዙ ናቸው።

ይህን የሚነቅፍ ሰው፣ ነገሩ ሳይሾሙ ካባ እንደ መደረብ ነው ሊል ይችላል። ነቀፋው ከንቱ አይደለም፤ ለታይታ የሚደረግ ምልክት እውነተኛውን ምእመን ያሳማልና። በተለይም ኪርፓን ደካማን ለመጠበቅ የተሰጠ እንጂ የማስፈራሪያ ዕቃ ስላልሆነ፣ የሚታጠቀው ሰው ጠባዩን አስቀድሞ ሊመረምር ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ነገሩን በጥሞና ስንመለከተው መልሱ በጠጕሩ ላይ ይገኛል። ሥርዓቱን ከሚጠብቁ ወላጆች የተወለደ ልጅ ጠጕሩ ከልደቱ ጀምሮ አይቈረጥም። እናቱ በየጥዋቱ ታበጥርለታለች፤ ከፍ ሲል ጥምጥም ይጠመጠምለታል። ከአምስቱ የመጀመሪያው ምልክት ከቃል ኪዳኑ በብዙ ዓመት ቀደመ ማለት ነው። ልጁ ሳይምል የተሸከመውን ጠጕር በመጠበቅ፣ የማለ ሰው እንዴት እንደሚኖር ቀስ በቀስ ይማራል።

አንድ ጊዜ ለሥራ ጉዳይ ወደ መሥሪያ ቤታችን ይመላለስ ከነበረ ሕንዳዊ መሐንዲስ ጋራ ተጨዋውተን ነበር። ጠጕሩ እንደ ማናችንም የተቈረጠ ሆኖ ሳለ በቀኝ እጁ አምባር አይተን፣ ቃል ገብቷልን ስንል ጠየቅነው። ገና እንዳልገባ፣ ነገር ግን ሊፈርም ብዕር ባነሣ ቍጥር አምባሩ ወረቀቱን እየነካ ምን እንደሚፈርም እንደሚያሳስበው ነገረን። እኛም ስንፈርም የምንውል ሰዎች ነንና ነገሩ በልባችን ቀረ።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ትጠመቃለች፤ ማዕተብም ይታሰራል። ያን ጊዜ ማንም ፈቃዳችንን አልጠየቀንም፤ ሊጠይቀንም አይችልም ነበር። ሲኩ አምባሩን አድርጎ ቃሉን ለነገ ሲያቈይ፣ እኛ በሌሎች አንደበት የተገባልንን ቃል ካደግን በኋላ በሥራ ልናጸናው ተተውን። እንግዲህ በአንገቱ ክር ወይም በእጁ ብረት ያደረገ ሰው ሁሉ፣ መቼ እንዳደረገው ከመጠየቁ በፊት፣ አድርጎት የሚሠራውን ይመርምር። ባለጉዳይ ደጅ ሲጠና፣ መማለጃም በጠረጴዛ ሥር ሲዘረጋ፣ ምልክቱ ከባለቤቱ ጋራ እዚያው አለ።