«አይችልም» ከማለት በፊት

«አሮጌ ኮምፒውተር ቪዲዮ አይችልም» ሲባል በዲፓርትመንታችን ያልሰማ የለም። እኔም ሰምቼ ዝም ባልኩ ነበር፤ ግን እናቴ ለእህቴ የትምህርት ቤት ክፍያ የያዘችውን የእቁብ ብር ለእኔ አዲስ ላፕቶፕ ልታደርገው ሆነ። ስለዚህ ወሬውን እንደ ዜና ላጣራው ተነሳሁ።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ስትጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ «ፐርፎርማንስ» የሚለው የማሽኑን አቅም ይናገራል። የእኔዋ ባለ 2 ኮር ፕሮሰሰርና ባለ 8 ጊጋባይት ራም ናት። ዳቪንቺ ሪዞልቭ 16 ጊጋባይት ስለሚጠይቅ ቀረ። በነፃ ለሚገኘው ሾትከት ግን ኤችዲ ቪዲዮ ለመሥራት ያለኝ ይበቃዋል፤ 16 የሚፈልገው ለ4ኬ ነው።

ወረቀት ላይ መቻል ብቻውን አያሳምንም። በስልክ የቀረጽኩትን የ2 ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ስከፍት ምስሉ እየቆመ አስቸገረኝ። «ፕሮክሲ» የሚባለውን ሳበራ ግን ፕሮግራሙ ለኤዲቲንግ ብቻ ቀለል ያለ ቅጂ ሠራ፤ የመጨረሻው ሥራ የሚወጣው ከዋናው ነው። በቃ፣ ቻለች! ኤክስፖርቱ የቡናው አቦል እስኪቀዳ ይቆያል፤ ይቆይ።

የእህቴም ክፍያ በጊዜው ተከፈለ። ጓደኞቼ፣ «ከሁለት ምንጭ አጣሩ» የምንባለው ለዜና ብቻ አይደለም፤ አንዱ ምንጭ የማሽኑ ቁጥር ነው፣ ሁለተኛው የራሳችን ሙከራ።