ቀኑን ያልጻፍኩበት ጉዳት



ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ አንበሳሜ የ9 ዓመት ልጄ የዋንዛ ፍሬ ሊለቅም ከወጣበት ዛፍ ወደቀ። ግራ ትከሻው ዘመም ብሎ፣ ክንዱን በቀኝ እጁ ደግፎ እያለቀሰ መጣ። ከአንገት ሥር እስከ ትከሻ የተጋደመችው አጥንት መሐሏ ላይ አብጣ ነበር። እንደ አባቶቼ ወደ ወጌሻ ወሰድኩት። ሰውየው በቅንነት አሸው፤ ክንዱንም ከደረቱ ጋር ጠፍሮ አሰረው። ላላ ሲል ዳግመኛ አጠበቀው። ልጄ «አባባ፣ ጣቴ ደነዘዘኝ» ቢለኝ «ወንድ አይደለህ? ቻል!» አልኩት። ይህች ቃል እስከ ዛሬ ትቆጠቁጠኛለች።

በዚያው ሌሊት ጣቶቹ ቀዝቅዘው ጠቆር አሉ። ማሰሪያውን በምላጭ የቀደደችው እናቱ ናት። ሲነጋ በሐሙሲት በኩል ባሕር ዳር ገባን። ሐኪሙ የእጁን የደም ሥር ትርታ ዳሰሰ፤ ጣቶቹን አስነቃነቀው፤ ትንፋሹን አዳመጠ፤ አጥንቱ ቆዳውን ወጥሮት እንደሆነ አየ፤ ራጅም አዘዘ። ከዚያ «መቼ ወደቀ? ለመጨረሻ ጊዜ የታሰረው መቼ ነው?» ሲል ጠየቀን። እኔ ሰኞ አልኩ፤ እናቱ እሑድ አለች። በሐኪሙ ፊት ተከራከርን።

ውድ አንባቢያን፣ አፈርኩ። በቁርአን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ የአል-በቀራ 282ኛው፣ ዕዳን ጻፉ የሚል መሆኑን ለልጆች የማስተምር ሰው የገዛ ልጄን ጉዳት ቀን አልጻፍኩም ነበር።

አልሐምዱ ሊላህ፣ የጣቶቹ ሙቀት ተመለሰ። ራጁ አጥንቱ መሐል ላይ መሰበሩን አሳየ። የታዘዘልን ክንድ ማንጠልጠያ ጨርቅና የሕመም ማስታገሻ ብቻ ነው። ይህ ስብራት በልጆች ዘንድ በብዛት የሚታይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በልጅ ከ3 እስከ 6፣ በአዋቂ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይጠግናል። በቦታው የሚቀረው እብጠትም በልጅ ላይ ቀስ በቀስ ይጠፋል።

ያን ዕለት ደብተር ገዛሁ። የወደቀበትን ቀን፣ የጣቶቹን ሁኔታ፣ መድኃኒቱንና ቀጠሮውን ጻፍኩበት፤ ራጁንም አብሬ አስቀመጥኩ። በቀጠሮው ያገኘነው ሐኪም ሌላ ነበር። ደብተሩን አነበበና ጥያቄ ሳያበዛ ወደ ሥራው ገባ።

የአንደሉሱ ሐኪም አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ ከ1000 ዓመት በፊት በ30 ክፍል ባዘጋጀው «አት-ተስሪፍ» የመጨረሻ ክፍል ስለ ስብራትና ውልቃት ጽፏል። ባይጽፈው ኖሮ እውቀቱ አብሮት በተቀበረ ነበር።

ይህን የጻፍኩት ወጌሻዎችን ለማንቋሸሽ አይደለም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ልጃችሁ ከታሰረ በኋላ «ደነዘዘኝ» ካላችሁ ግን «ቻል» አትበሉት። ወዲያውኑ ፍቱለትና ወደ ሐኪም ሩጡ። ቀኑንና ሰዓቱንም ጻፉ።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዓለይኩም።