የመጀመሪያው ስንቅ

ለረጅም መንገድ የሚሰናዳ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ምን ይዞ እንደሚሄድ ያስባል። ምን ትቶ መሄድ እንደሚገባው የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። እኔ ይህን የተማርሁት በ1964 ዓ.ም. በጥር ወር፣ ከቢቸና ሞጣ ድረስ በእግሬ ለመጓዝ በተሰናዳሁበት ሳምንት ነው።

በዚያን ጊዜ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት ዓመት ነበር። የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና አልቆ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ እኔና አንድ የክፍል ጓደኛዬ ከሞጣ አልፈን ሰባራ ድልድይን ለማየት ተስማማን። ይህ ድልድይ እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667 በነገሡት በዐፄ ፋሲል ዘመን በዓባይ ወንዝ ላይ የተሠራ፣ ጎጃምንና ቤጌምድርን የሚያገናኝ የድንጋይ ድልድይ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከመካከሉ ስለ ፈረሰ፣ መንገደኞች ገመድ እየታሰረላቸው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ተጎትተው ይሻገሩ እንደ ነበር፣ አገሩን የሚያውቁ ነጋዴዎች ያወሩልን ነበር። ወሬው እንቅልፍ ነሣን።

ለመኪና የምንከፍለው ገንዘብ አልነበረንም። የእኔ ሀብት እናቴ ዕንቁላል እየሸጠች ያጠራቀመችልኝ አራት ብር ብቻ ነበር። ስለዚህ የእግር መንገዱን ሞጣ ለመድረስ ሦስት ቀን፣ ከሞጣ ድልድዩ ደርሶ ለመመለስ ሁለት ቀን፣ ወደ ቢቸና ለመመለስ ሦስት ቀን፣ በጠቅላላው ስምንት ቀን ብለን መደብነው። ሞጣ የጓደኛዬ አክስት ነበሩ፤ በመንገድ ላይ ግን የምናውቀው ዘመድ አልነበረም።

እንደ እውነቱ ከሆነ፣ እኔን ያስጨነቀኝ ድካሙ ወይም የጥር ብርድ አልነበረም። ያስጨነቀኝ በማላውቀው ሰው ደጃፍ ቆሜ «አሳድሩኝ» ማለት ነበር። ፊደል ለቈጠረ የከተማ ልጅ ይህ ውርደት መሰለኝ። ስለሆነም ከማንም ምንም እንዳልጠይቅ፣ የስምንት ቀን ምግብና መኝታ በሙሉ ተሸክሜ ለመሄድ ቈረጥሁ።

እናቴ የፈለግሁትን ሁሉ ታሰናዳልኝ ጀመር። ገብሱን ቆልታ አስፈጭታ በሶ አደረገችው፤ ከፊሉንም በቅቤና በቅመም ለውሳ ጭኮ ሠራችልኝ። ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀናት ስለሆኑ ለእነርሱ ቅቤ ያልነካው በሶ ለየችልኝ። ዳቦ ቆሎ ቆላች፤ እንጀራውንም በፀሐይ አድርቃ ድርቆሽ አደረገችው። እኔ ደግሞ በዚህ ላይ አንድ ድስት፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ አንድ ጋቢና ሦስት መጻሕፍት ጨመርሁበት። አዲስ ሸራ ጫማም ከአንድ ዘመዴ ተዋስሁ።

ለመነሣት ሦስት ቀን ሲቀረን፣ ጎረቤታችን የነበሩት የኔታ ወደ ቤታችን መጡ። እኒህ ሽማግሌ በወጣትነታቸው ለምድ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንጠልጥለው፣ ቅኔ ፍለጋ ከዲማ ወደ ጎንጅ፣ ከጎንጅም ወደ ዋሸራ የተጓዙ ሰው ነበሩ። ሸክሜን አዩና፦

«ተሸከመውና ገበያው ድረስ ደርሰህ ተመለስ» አሉኝ።

ታዘዝሁ። ግማሽ መንገድ እንኳ ሳልደርስ ማንገቻው ትከሻዬን ይቈርጠው ጀመር፤ አዲሱ ጫማም ተረከዜን ላጠው። እያነከስሁ ስመለስ የኔታ ከደጅ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር።

«ይህ ሁሉ ለማን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ለእኔ ነው፣ የኔታ።»

«ለአንተ ነው? ወይስ ለፍርሃትህ?»

የምመልሰው አጣሁ። እርሳቸውም ዕቃውን ሁሉ መሬት ላይ ዘርግተው አንድ በአንድ ይለዩት ጀመር። ደረቅ ስንቅ ለያዘ ሰው ድስት ምንም አይሠራለትም፤ በሶ መበጥበጫ አንድ ቅል ለሁለት ይበቃል አሉ። መጻሕፍቱንና ብርድ ልብሶቹን አስቀርተው ጋቢዬን ብቻ ተዉልኝ። በአዲሱ ጫማ ፈንታ እግሬ የለመደውን አሮጌ በረባሶ እንዳደርግ አዘዙኝ። እኔ ያላሰብሁትን ደግሞ አስጨመሩኝ፤ ይኸውም እሾህ ማውጫና ልብስ መስፊያ የሚሆን መርፌ ከነክሩ፣ ክብሪት፣ ጥቂት ጨውና ጠንካራ ዱላ ነው። ከአራቱ ብር ሁለቱን በልብሴ ጠርዝ ውስጥ አሰፉልኝና፣ «ይህ ለበሽታ ነው፤ ካልታመምህ ለእናትህ ትመልሰዋለህ» አሉኝ።

በመጨረሻም ወደ ጓዳ አስገብተው የገብሱን ጎታ እንዳይ አዘዙኝ። ክረምቱን ሊያሻግረን የሚገባው እህል ከልኩ በላይ ጎድሏል። ለገበያ የተቀመጠው ቅቤም የለም። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ፤ ስንቅህን ከማን አፍ እንደ ወሰድኸው ዕወቅ» አሉኝ። እኔ ከሰው ደጅ ላለመቆም ስል የእናቴን ጎታ ማራቆቴን ያን ጊዜ ተረዳሁ። ከዚያ የሚበልጥ ኀፍረት እስከዚያ ቀን አልደረሰብኝም ነበር።

የኔታ ግን አጽናኑኝ። «የመሸበት ሰው እንግዳ ነው እንጂ ለማኝ አይደለም። እኔ ቅኔ የተማርሁት ‹በእንተ ስማ ለማርያም› እያልሁ ነው። አንተ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከሰው መንደር ድረስ፤ ውሻው እስኪያዝ ከአጥሩ ውጭ ቆመህ ተጣራ፤ ከስንቅህ ለቤቱ ልጆች አካፍል፤ ጠዋትም እንጨት ሳትፈልጥ ወይም ውኃ ሳትቀዳ አትሂድ» ብለው መከሩኝ።

በዚያው ምሽት የበሶውንና የጭኮውን ግማሽ ለእናቴ መለስሁላት። እርሷም ፊቴን ለጥቂት ጊዜ ተመልክታ፣ አንዳች ሳትናገር ተቀበለችኝ። በመነሻዬ ማለዳ አቁማዳዬን ሳነሣ ግን፣ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ጭኮ ከላይ ተቀምጦ አገኘሁ።

የመጀመሪያው ቀን የመሸብን ደብረ ወርቅን ካለፍን በኋላ ነበር። ከአንድ አጥር ውጭ ቆመን፣ «የመሸብን የእግዚአብሔር እንግዶች ነን» ስል ድምፄ ተንቀጠቀጠ። አንድ ሽማግሌ ውሻውን ይዘው፣ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ» አሉን። እናቴ የጨመረችልኝን ጭኮ የበሉት የዚያ ቤት ልጆች ናቸው።

ዛሬ ብዙ ነገር ተለውጧል። ሰባራ ድልድይ በ1994 ዓ.ም. ተጠግኖ ነበር፤ ኋላም ጎርፍ ስለ ጎዳው ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠርቶለታል። የእግር ጉዞ ዐዋቂዎችም አንድ መንገደኛ የሚሸከመው ጭነት ከሰውነቱ ክብደት አንድ አምስተኛ ባይበልጥ መልካም ነው ይላሉ፤ ጫማን አስቀድሞ ማለማመድንና ሸክምን በአጭር መንገድ መፈተንንም ይመክራሉ። የኔታ ይህን ሁሉ ያለ ሚዛን ያውቁት ነበር። በዚህ ላይ የወንዝ ውኃ ሳይፈላ አለመጠጣት፣ ከሁሉም በፊት ስለ መንገዱ ሰላም አገሩን የሚያውቁትን መጠየቅ፣ ሰላም ከሌለም ጉዞውን ማቆየት ይገባል።

እናንተም አንድ ቀን የመጀመሪያ ስንቃችሁን ትቋጥሩ ይሆናል። በዚያን ጊዜ አቁማዳችሁን አንድ ጊዜ አራግፉና፣ ምኑ ለመንገዱ፣ ምኑ ለፍርሃታችሁ እንደ ሆነ ለዩ። የቤታችሁን ጎታም ማየት አትርሱ። እኔ ስምንቱን ቀን ጨርሼ ስመለስ፣ ከልብሴ ጠርዝ ተርትሬ ያወጣኋቸውን ሁለት ብሮች በእናቴ እጅ ላይ አኖርሁ።