ሴት ዳኛ? በስመ አብ!

ያኔ ከአዲስ አበባ ጥግ ያለችው ሰፈራችን ፉሪ ጤፍና ሽምብራ ነበረች። ከፉሪ ተራራ ሥር ያለች ሴት ባሏን ልክሰስ ብላ ብትነሳ መጀመሪያ ሽማግሌ ይይዛታል። ከሽማግሌ ካመለጠች የክረምቱ ጭቃ ይይዛታል። እሱንም አልፋ ሰበታ ፍርድ ቤት ከደረሰች ራፖር ጸሐፊው ብዕሩን አንስቶ «ባልሽ ያውቃል?» ይላታል። እንግዲህ በማን ላይ ልታስጽፍ እንደመጣች እየነገረችው!

ሕጉስ ቢሆን መቼ አነሰ? በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤቱ አለቃ ነው፤ ልጃገረድ በ15 ዓመቷ ትዳራለች። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ጠላፊው የጠለፋትን በፈቃዷ አገባት ከተባለ ክሱ ይቀርለታል። ፈቃዷን ማን እንደሚጠይቃት እንጃ! እኛ ሴቶቹ ጠለፋ ፈርተን ውሃ ስንወርድ በጅምላ ነበር የምንወርደው፤ እየተገፋፋን፣ እየተሳሳቅን፣ ግን ሁሌም በጅምላ።

ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊን ያወቅናቸው በዚህ መሀል ነው። የአሶሳ ልጅ ናቸው። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቀው በ1980ዎቹ መጀመሪያ በከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነዋል። ኋላም ከባልደረቦቻቸው ጋር የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን አቋቋሙ፤ ለጠበቃ የሚከፈል የሌላት ሴት በነጻ የምትሟገትበት በር ተከፈተ። አክስቴ ወሬውን ስትሰማ «ሴት ጠበቃ? እንጀራዋን ማን ሊጋግርላት ነው?» ብላ በሳቅ ፍርስ አለች።

ከዚያ የአርሲዋ አበራሽ በቀለ ነገር መጣ። የ14 ዓመት ልጅ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ልታመልጥ ስትል በጠላፊዋ ጠመንጃ ጠላፊዋን ገደለች። ማኅበሩ ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ለመከላከል ነው ብሎ ነጻ አወጣት። ያቺው የእንጀራዋ አክስቴ ግቢው መሀል ቆማ እልልታዋን አቀለጠችው! ከዚያ ወዲያ ሰፈራችን ውስጥ ባል እጁን ሲያነሳ መልሱ አንድ ሆነ፦ «መዓዛ ጋ እሄድብሃለሁ!» መዓዛ የት እንዳሉ የሚያውቅ አልነበረም፤ ባሎቹ ግን እጃቸውን ይሰበስቡ ነበር።

ሕጉም ተነቃነቀ። እኛ ፉሪዎች ግን የራሳችን ጉድ አለን፦ የአዲስ አበባዋ ሴት በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የባል አለቅነት ሲነሳላት፣ የጋብቻ ዕድሜም 18 ሲሆን፣ እኛ ኦሮሚያ ነንና የክልሉን የቤተሰብ ሕግ እስከ 1995 ጠበቅን። በአስፋልት ስፋት የሚለያይ እኩልነት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ደግነቱ ግንቦት 1 ቀን 1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ማዶና ማዶ አላለም፤ ጠላፊን ሠርግ አያድነውም አለ፣ አለቀ።

ያቺ የ2011 ጥቅምትስ! ወይዘሮ ሳህለወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት ሆኑ ብለን እልልታችን ሳይበርድ፣ በሳምንቱ፣ ጥቅምት 22፣ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት! በሴት የመጀመሪያዋ። ቀደም ሲልም እናት ባንክን ከመሠረቱት ሴቶች አንዷ ነበሩ፤ «ድፍረት» በተባለው ፊልም ሜሮን ጌትነት እሳቸውን ሆና ስትተውን አይተናል። አክስቴ ግን ለፊልሙም ለባንኩም ግድ የላትም። ቴሌቪዥኑን በጣቷ እየነካች «ይቺ የኔዋ ናት!» ትላለች፤ አንድ ቀን እንኳ አግኝታቸው ሳታውቅ።

ዛሬ ፉሪ የሸገር ከተማ ክፍለ ከተማ ናት። የጅቡቲው ባቡር ፉሪ–ለቡ ላይ ይቆማል፤ በሽምብራው ማሳ ላይ ፎቅ በቅሏል። ከሥጋ ቤቱ አጠገብ «ጠበቃና የሕግ አማካሪ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ስሙ የሴት ነው፤ ሥጋ ሊገዛ የተሰለፈ ሰው ቀና ብሎም አያየው። እኔ ግን ባለፍኩ ቁጥር ቆሜ አነባለሁ፣ ያስቀኛልም። ሕግ የምታጠናው የእህቴ ልጅ «አሁን ይሄ ምኑ ያስቃል?» ትለኛለች።

በጥር 2015 ወይዘሮ መዓዛ በገዛ ጥያቄያቸው ሥልጣን ሲለቁ አክስቴ ተቆጣች። «እና አሁን ማን ጋ ልሄድበት ነው?» አለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል።